የቲቪ ጣቢያ ስርጭትን በስልክ በደንብ እንዲታይ ማድረግ፦ ከማስተር ኮንትሮል እስከ ተመልካቹ እጅ

"ጣቢያችን ሳተላይት ላይ አለ፣ ሰው ግን አሁን የሚያየው በስልክ ነው፣ ምን እናድርግ?" የሚለውን ጥያቄ በጣም ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ቴክኒክ ክፍል ያለውም ይጠይቀኛል ፕሮዲውሰሩም ይጠይቀኛል፣ ስለዚ ለሁለታችሁም እንዲገባ አድርጌ ነው የምሄደው።

ብዙ ጣቢያ የሚያደርገው ምንድነው፣ ወደ ሳተላይት የሚሄደውን ሲግናል እንዳለ ወስዶ ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ ነው። ያው ምስል ይታያል፣ ግን ጽሑፉ አይነበብም፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ የተመልካቹ ፓኬጅ ደግሞ ሳያስበው ያልቃል። ያ ሲግናል የተሠራው ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ስለሆነ ነው። ስልክ ላይ ሲሄድ ምስሉም ድምፁም ጽሑፉም እንደገና መሰናዳት አለበት፣ ከታች የምታዩት ሁሉ እሱ ስራ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከማስተር ኮንትሮል (ስርጭቱ ከጣቢያው ሳይወጣ መጨረሻ የሚያልፍበት ክፍል) የሚወጣ ኤስዲአይ ሲግናል፣ ማለትም ምስልና ድምፅን በአንድ ኬብል የሚይዘው የስቱዲዮ ሲግናል። ከተቻለ ጽሑፍ ያልተጫነበት ክሊን ፊድ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው
- ካፕቸር ካርድ (ሲግናሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ፣ የብላክማጂክ ዴክሊንክ አይነት) ያለው ኮምፒውተር ወይ ራሱን የቻለ ሃርድዌር ኢንኮደር (ቪዲዮውን የሚጨምቅ መሣሪያ)
- ሶፍትዌር፦ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ወይ ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ቪዲዮውን ጨምቀው የሚልኩ ናቸው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው
- በኬብል የገባ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ አይደለም። ሁለተኛ መስመር ከሌላ አቅራቢ ካላችሁ በጣም ይጠቅማል
- ኢንኮደሩንም ራውተሩንም የሚይዝ ዩፒኤስ
- የድምፅ ላውድነስ (ለጆሮ ምን ያህል ጮክ እንደሚል) የሚለካ ሜትር (በሶፍትዌር የሚሠራም ይበቃል)
- ሁለት ሶስት ስልክ፣ አንዱ የግድ ርካሽና አሮጌ ይሁን
- የየፕሮግራሙ የመብት ዝርዝር

1. መጀመሪያ መብቱን አጣሩ

ስራው ከኬብል በፊት ከወረቀት ነው የሚጀምረው። አንድ ፊልም ወይ የኳስ ጨዋታ በቲቪ ለማሳየት ገዛችሁ ማለት በኢንተርኔትም ለማሳየት ገዛችሁ ማለት አይደለም፣ ብዙ ውል ላይ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚሸጡት፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ባለመብቱ ብዙ ጊዜ የአገር ገደብ ያስቀምጣል። ስለዚ ኤክሴል ክፈቱና ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አራት ነገር ሙሉ፦ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ይለቀቃል ወይ፣ ካለቀ በኋላ ስንት ቀን መቀመጥ ይችላል፣ ከየትኛው አገር ይታያል፣ ቁራጭ አውጥቶ መለጠፍስ ይፈቀዳል ወይ። ከበስተጀርባ የሚሰማውን ሙዚቃም እንዳትረሱት፣ ብዙ ቪዲዮ የሚያዘው በፕሮግራሙ ሳይሆን በመግቢያ ሙዚቃው ነው።

ለማይፈቀደው ሰዓት መሸፈኛ ምስል አዘጋጁ፣ ምስሉ ላይ "ቀጣዩ ፕሮግራም በዚህ ሰዓት ይጀምራል" የሚል ይኑርበት፣ ካልሆነ ተመልካቹ ተበላሸ ብሎ ወጥቶ ይቀራል። መሸፈኛውን ማን እንደሚቀይርም ወስኑ፣ የተረኛው ሰው ስራ ነው ወይስ ኦቶሜሽኑ (ፕሮግራሙን በሰዓቱ የሚያጫውተው ሲስተም) ኤስሲቲኢ 35 በሚባለው፣ ሲግናሉ ውስጥ በሚገባ ምልክት ራሱ ይቀይረዋል? "አንዱ ያደርገዋል" ተብሎ የተተወ ነገር ማታ ላይ የሚያደርገው አይገኝም።

ጥንቃቄ፦ ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ በሚባል ሲስተም ቀጥታ ስርጭትንም ይፈትሻል፣ የሌላ ሰው ስራ ካገኘ ስርጭቱን መሃል ላይ ሊያቋርጠው ይችላል። የኮፒራይት ስትራይክ (ዩቲዩብ የሚሰጠው የመብት ጥሰት ማስጠንቀቂያ) በ90 ቀን ውስጥ 3 ከደረሰ ደግሞ ቻናሉ ራሱ ሊዘጋ ይችላል፣ የዓመታት ቪዲዮ አብሮ ነው የሚሄደው።

2. ሲግናሉን ከትክክለኛው ቦታ ውሰዱ

ዲሽ ተክሎ ከሪሲቨር ላይ በኤችዲኤምአይ ወስዶ ኢንተርኔት ላይ የሚለቅ አለ። አታድርጉት። ያ ምስል አንዴ ተጨምቋል፣ እናንተ ደግማችሁ ስትጨምቁት የመጀመሪያው ጭመቃ ያበላሸው ሁሉ ጎልቶ ይወጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ሳተላይቱ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱም አብሮ ይቋረጣል፣ መዘግየቱ ደግሞ ይደራረባል። መውሰድ ያለባችሁ ሲግናሉ ወደ ሳተላይት ኢንኮደር ከመግባቱ በፊት ካለው ኤስዲአይ ነው።

ኤስዲአይን በቲ ማገናኛ ለሁለት መክፈል አይቻልም። ሲግናሉ በኬብሉ ውስጥ ወደ ኋላ ይንፀባረቅና ሁለቱም ጋ ይበላሻል፣ አየር ላይ ያለውንም ጭምር። ዲስትሪቢውሽን አምፕሊፋየር (አንዱን ሲግናል ለብዙ መውጫ የሚያባዛ) ተጠቀሙ ወይ ከራውተሩ (የኢንተርኔቱ ሳይሆን ሲግናል የሚያከፋፍለው የቪዲዮው ራውተር ማለቴ ነው) ሌላ መውጫ ውሰዱ። ኬብል የምትነካኩት ደግሞ አነስተኛ ተመልካች ባለበት ሰዓት፣ ተረኛውን አስፈቅዳችሁ ይሁን።

እዚሁ ላይ የድምፅ ቻናሉንም አረጋግጡ። ኤስዲአይ እስከ 16 የድምፅ ቻናል ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ዋናው 1 እና 2 ላይ ነው፣ አንዳንድ ጣቢያ ግን 3 እና 4 ላይ ሌላ ቋንቋ ወይ ያልተደባለቀ ድምፅ ያስቀምጣል፣ ኢንኮደሩ የተሳሳተውን ከወሰደ ተመልካቹ ጋ ሌላ ድምፅ ወይ ዝምታ ነው የሚደርሰው።

3. ምስሉን ለስልክ አስተካክሉ

አብዛኛው ጣቢያ የሚያሰራጨው በ1080 አይ ነው። "አይ" ማለት ኢንተርሌስድ ነው፣ አንዱ ፍሬም ሁለት ግማሽ ምስል ነው፣ መጀመሪያ አንድ ሶስት እያሉ የሚሄዱት መስመሮች ከዛ ሁለት አራት እያሉ የሚሄዱት። የስልክ ስክሪን እንዲ አይሠራም፣ ሁሉንም መስመር በአንዴ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚ ካልተስተካከለ እጅ ሲወዛወዝ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል።

ኦቢኤስ ላይ ከሆናችሁ ሶርሱን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ዲኢንተርሌሲንግ (ግማሾቹን ወደ ሙሉ ምስል መቀየር) ውስጥ ያዲፍ 2 ኤክስ የሚለውን ምረጡ፣ የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬትም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) 50 አድርጉት (ጣቢያችሁ በ59.94 የሚሠራ ከሆነ 59.94)። 50 ያልኩት ለምንድነው፣ ኳስና ጭፈራ በ25 ሲታይ ይንተፋተፋል። ዜናና ውይይት ብቻ ከሆነ ግን 25 ይበቃል፣ ቢትሬትም (በሰከንድ የሚላከው የዳታ መጠን) ይቆጥባል። ምስሉ ወደፊት ሄዶ ወደኋላ የሚመለስ አይነት ከሆነባችሁ የፊልድ ኦርደሩ (የትኛው ግማሽ ቀድሞ እንደሚታይ) ተገልብጧል ማለት ነው፣ ከቶፕ ወደ ቦተም ወይ ከቦተም ወደ ቶፕ ቀይሩት።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ፣ ከዛ ነው ማሳነስ። ቀድማችሁ ካሳነሳችሁ ሁለቱ ግማሾች ይቀላቀላሉ፣ ከዛ በኋላ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ስለዚ ካፕቸር ካርዱ ሁልጊዜ 1920 በ1080 ይቀበል፣ 720 የምታደርጉት በኋላ ነው።

የድሮ አርካይቭ ለምታወጡ፦ 720 በ576 የሆነ ቪዲዮ ፒክስሉ ካሬ አይደለም፣ ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ሰዉ ይወፍራል ወይ ይቀጥናል። 4 ለ3 ከሆነ ወደ 768 በ576፣ 16 ለ9 ከሆነ ወደ 1024 በ576 ቀይሩት። ጠርዙንም ትንሽ ቁረጡ። የድሮ ቲቪ ጠርዙን ይደብቀው ስለነበር እዛ ላይ የቀረ ጥቁር መስመርና የሚብለጨለጭ ነጭ ነጥብ ማንም አያየውም ነበር፣ ስልክ ግን ሁሉንም ያሳያል።

4. ድምፁን ከቲቪው ለይታችሁ ሥሩ

ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፣ ድምፅ ካልተሰማው ግን ወዲያው ነው የሚወጣው።

የቲቪ ድምፅ ኢቢዩ አር 128 በሚባለው መለኪያ ወደ −23 ኤልዩኤፍኤስ (የላውድነስ መለኪያ አሃድ) ነው የሚቀመጠው፣ በሰሜን አሜሪካው መለኪያ ደግሞ −24። ቤት ውስጥ በትልቅ ስፒከር ለሚሰማ ልክ ነው። የስልክ ስፒከር ግን ጥፍር የምታክል ናት፣ ሰዉም መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ነው የሚሰማው፣ −23 ከሆነ እስከ መጨረሻ ከፍቶትም አይሰማውም። ለኢንተርኔቱ መውጫ ብቻ ወደ −16 አምጡት፣ 7 ዴሲቤል መጨመር ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ጫፍ እንዳያልፍ የሚይዝ) አስገብታችሁ ከፍተኛውን ጫፍ −1 ላይ አቁሙት። ያቺ 1 ዴሲቤል የምትተወው ድምፁ ሲጨመቅ ጫፉ ትንሽ ስለሚያልፍ ነው፣ ቦታ ካላገኘ ይሰነጠቃል። ይሄን ስታደርጉ ወደ ሳተላይት የሚሄደውን ድምፅ እንዳትነኩት አደራ፣ ለየብቻ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ፌዝ የሚባለው ነገር ነው። አንዳንድ ስልክ አንድ ስፒከር ብቻ ስላለው ግራና ቀኙን ደምሮ ነው የሚያሰማው። አንድ ኬብል ተገልብጦ ተበይዶ ከሆነ ግራና ቀኙ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በሄድፎን ሁሉም ደህና ነው፣ ስልክ ላይ ግን ሙዚቃው ይሰማል ተናጋሪው አይሰማም። መፈተሻው ቀላል ነው፣ ኦቢኤስ ላይ አድቫንስድ ኦዲዮ ውስጥ ሞኖ የምትለዋን ሳጥን ንኳት፣ ድምፁ ከጠፋ ችግሩ አለ፣ ምንጩ ጋ ሄዳችሁ አስተካክሉ።

ከንፈርና ድምፅም ይገናኝ። ዲኢንተርሌስ ማድረግ ምስሉን ትንሽ ያዘገየዋል፣ አንድ ሰው ካሜራ ፊት አጨብጭቦ ቅዱትና በፍሬም እያያችሁ ድምፁን በዛው ልክ አዘግዩት።

5. ጽሑፉ ይነበብ

በ1080 ላይ 36 ፒክስል ቁመት ያለው ፊደል በ360 ላይ 12 ፒክስል ነው የሚቀረው። የኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ ያለው በትንሿ ቅጥያ ነው፣ በ12 ፒክስል ሁ እና ሂን መለየት አይቻልም፣ ስም ይበላሻል ትርጉም ይቀየራል።

ክሊን ፊድ ካላችሁ ለስልኩ ሌላ ግራፊክስ ጫኑበት፦ የእንግዳው ስም ከቲቪው ሁለት እጥፍ ገደማ ይተልቅ፣ አንድ መስመር ብቻ ይሁን፣ ከበስተኋላው ደፍን ቀለም ይኑረው። ከታች የሚሮጠውን ተንሸራታች ጽሑፍ ደግሞ ለስልክ አውጡት። አለመነበቡ ሳያንስ፣ ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ ለኢንኮደሩ ከባድ ስለሆነ ለተናጋሪው ፊት የሚገባውን ቢት እሱ ይበላዋል። ክሊን ፊድ ከሌላችሁ ምርጫው አንድ ነው፣ የቲቪውን ግራፊክስ ራሱን አሳድጉት፣ ትልቅ ስክሪን ላይ ትልቅ ጽሑፍ ማንንም አይጎዳም።

6. ቢትሬቱን በደረጃ አዘጋጁ

ወደ ዩቲዩብና ፌስቡክ ብቻ የምትልኩ ከሆነ አንድ ጥሩ ስትሪም ላኩ፣ በየደረጃው የሚከፋፍሉት እነሱ ናቸው፣ ይሄን ክፍል መዝለል ትችላላችሁ። የራሳችሁ አፕ ወይ ዌብሳይት ካላችሁ ግን ስራው የናንተ ነው። ለመነሻ ይሄን ያዙ፦

- 1080፦ 5 ሜጋቢት በሰከንድ
- 720፦ 2.5 ሜጋቢት
- 480፦ 1.2 ሜጋቢት
- 360፦ 700 ኪሎቢት
- 240፦ 300 ኪሎቢት
- ድምፅ ብቻ፦ 64 ኪሎቢት

የተመልካቹን ወጪ ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። 720ውን የሚያይ ሰው በሰዓት ከ1.1 ጊጋባይት በላይ ይጨርሳል፣ 360ውን የሚያይ 315 ሜጋባይት፣ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ደግሞ 29 ሜጋባይት ገደማ። ይሄን ስታዩ የታችኞቹን ደረጃዎች ለምን መተው እንደሌለባችሁ ይገባችኋል። ድምፅ ብቻ የሚለውን ብዙ ጣቢያ ይተወዋል፣ እኔ ግን ዜናና ውይይት ላለው ጣቢያ ከ1080ው ቀድሞ መኖር ያለበት እሱ ነው እላለሁ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ የሚያዳምጥ ብዙ ሰው አለ።

ኮዴኩ (ቪዲዮው የሚጨመቅበት ዘዴ) ኤች 264 ይሁን። ኤችኢቪሲና ኤቪ1 በትንሽ ቢት የተሻለ ምስል ይሰጣሉ፣ ግን አሮጌ ስልክ ላይ ወይ አይከፍቱም ወይ ባትሪ ይጨርሳሉ፣ ኤች 264ን ግን ሁሉም ስልክ ይከፍተዋል። ኪፍሬም (ሙሉ ምስል የያዘ ፍሬም) በየ2 ሰከንዱ አድርጉ፣ በሁሉም ደረጃ ላይ ደግሞ በአንድ ቅጽበት ይውደቅ፣ ማጫወቻው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚዘለው እዛ ላይ ብቻ ስለሆነ ካልተገጣጠሙ በየመሃሉ ይንጠባጠባል። "ኦቶ" ብላችሁ አትተዉት።

7. ወደ ውጭ መላክ

ከጣቢያው ወደ ሰርቨር ለመላክ ሁለት መንገድ አለ። አርቲኤምፒ ሁሉም ቦታ ይሠራል፣ ኢንተርኔታችሁ የማያስተማምን ከሆነ ግን ኤስአርቲ ይሻላል፣ በመንገድ የጠፋውን መልሶ ስለሚልክ። ለኤስአርቲ ላተንሲውን (የሚጠብቀውን የመዘግየት ጊዜ) የፒንግ ጊዜያችሁን (ዳታ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን) 4 እጥፍ አድርጉት፣ ፒንጉ 100 ሚሊሰከንድ ከሆነ 400፣ መስመሩ ከባሰ ከዛም በላይ። ካነሰ የጠፋውን መልሶ ለመላክ ጊዜ አይበቃውም፣ ኤስአርቲ መጠቀማችሁም ዋጋ የለውም።

አፕሎድ ፍጥነታችሁ ከምትልኩት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። 6 ሜጋቢት ለመላክ 12 ያስፈልጋል፣ ስፒድ ቴስት ላይ የምታዩት የአንድ ደቂቃ ቁጥር ስለሆነ ማታ ሰው ሲበዛ ይወርዳል። የቢሮው ሰው በዛው መስመር ፋይል የሚጭን ከሆነ ለብቻ መስመር አስለዩ።

ከሰርቨሩ ወደ ስልክ የሚሄደው በኤችኤልኤስ ነው፣ ቪዲዮውን በትንንሽ ፋይል እየቆረጠ ነው የሚልከው። ተመልካች ሲበዛ አንድ ሰርቨር አይችልም፣ ሲዲኤን ያስፈልጋል፣ ያው ፋይሉን ለተመልካቹ ቅርብ በሆነ ቦታ የሚያስቀምጥ ማለት ነው። ትልቅ ዜና በሚኖር ቀን ነው ይሄ የሚታወቀው፣ ያኔ ደግሞ ለማስተካከል ረፍዷል።

ጥንቃቄ፦ ስትሪም ኪ (ኢንኮደሩ ላይ የምታስገቡት ሚስጥራዊ ኮድ) ማለት የጣቢያው ቁልፍ ነው። እሱን ያገኘ ሰው በናንተ ቻናል ላይ የፈለገውን መልቀቅ ይችላል። በቴሌግራም ግሩፕ አትላላኩት፣ ስክሪን ሾት ላይ እንዳይወጣ፣ ሰራተኛ ሲለቅ ቀይሩት።

8. መዘግየቱን ለፕሮዲውሰሩ ንገሩት

ኤችኤልኤስ ብዙ ጊዜ 6 ሰከንድ የሚሆን ቁራጭ 3 ያህል ሰብስቦ ነው መጫወት የሚጀምረው፣ ስለዚ 18 ሰከንድ እዛው ሄደ፣ ከኢንኮደሩና ከሲዲኤኑ ጋር ሲደመር የስልኩ ተመልካች ከስቱዲዮው 20 እስከ 40 ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚያየው። "አሁን ደውሉ፣ የመጀመሪያው ይሸለማል" የሚል ፕሮግራም ላይ የስልኩ ተመልካች ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው። ድምፅ መስጫ ካላችሁ መዝጊያውን በአንድ ደቂቃ አዘግዩት፣ አቅራቢውም ይሄን አውቆ ይናገር።

ዝቅተኛ መዘግየት ያለው የኤችኤልኤስ አይነትም አለ፣ ወደ ጥቂት ሰከንድ ያወርደዋል። ግን ማጫወቻው የሚይዘው መጠባበቂያ ስለሚያንስ ደካማ ኔትዎርክ ላይ መቆራረጡ ይብሳል። ለስፖርት ካልሆነ አትቸኩሉበት።

9. ቁራጭና ድጋሚ እይታ

ሙሉ ፕሮግራሙን ካለቀ በኋላ ለብቻ ቆርጣችሁ ጫኑት፣ የ24 ሰዓት ስርጭት ውስጥ ወደኋላ ሄዶ የሚፈልግ የለም። ዩቲዩብ ላይ ምዕራፍ አስገቡ፦ መግለጫው ላይ ምዕራፎቹ የሚጀምሩበትን ደቂቃና ሰከንድ ጻፉ፣ የመጀመሪያው 0:00 ይሁን፣ ቢያንስ 3 ይሁኑ፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ አይነስ።

ለቁም ቪዲዮ መጠኑ 1080 በ1920 ነው። ከአግድም 1080 ምስል ላይ ብትቆርጡ ግን የሚደርሳችሁ 607 ፒክስል ስፋት ብቻ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ ሁለቱንም አይዝም። ስለዚ ቁራጭ እንደሚወጣለት የምታውቁትን ፕሮግራም ስትቀርፁ የካሜራ ሰዎቹ ለየብቻ መሃል ላይ የያዘ ሾት እንዲኖራቸው ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሰብታይትል ጨምሩ፣ ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያየው። ፋይሉን ሴቭ ስታደርጉ ዩቲኤፍ 8 (የኛን ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) መሆኑን አረጋግጡ፣ ካልሆነ ፊደሉ ወደ ሳጥንና ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። (የሰብታይትሉም ፋይል ኤስአርቲ ነው የሚባለው፣ ከላይ ካለው ኤስአርቲ ጋር ምንም አይገናኝም።)

10. እንደ ተመልካቹ ሆናችሁ ፈትኑት

ያንን ርካሹን ስልክ አውጡ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጽሑፉ ይነበባል ወይ? ከህንፃው ወጥታችሁ እየተራመዳችሁ እዩት፣ ደረጃው ሲወርድ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ስክሪኑን ስትቆልፉት ድምፁ ይቀጥላል? ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ የድምፅና የምስል መራራቅ የሚታየው ቆይቶ ነው።

ከተጀመረ በኋላም ተረኛው የሚከታተለው የኢንኮደሩን ስክሪን ሳይሆን ከሲዲኤኑ ተመልሶ የሚመጣውን ይሁን። ኢንኮደሩ አረንጓዴ መብራት እያሳየ ተመልካቹ ጋ ጥቁር ሊሆን ይችላል። ጥቁር ምስልና ዝምታ ሲኖር የሚጮህ አላርም አስገቡ፣ ሌሊት ሰው ያንቀላፋል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- በየጥቂት ደቂቃው ይቆማል፦ አፕሎዱ አልበቃም ወይ ሌላ ሰው መስመሩን እየተጋራ ነው። ቢትሬቱን በሲሶ ቀንሳችሁ እዩ፣ ከተስተካከለ ችግሩ እሱ ነው
- ኮምፒውተሩ ፍሬም ይጥላል፦ ፕሮሰሰሩ ሞልቷል። ፕሪሴቱን (የጭመቃውን የፍጥነት ምርጫ) ወደ ፈጣን ቀይሩ ወይ ጭመቃውን ለግራፊክስ ካርዱ ስጡት
- ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል ወይ ጨለማው ሁሉ ይዋጣል፦ የቀለም ሬንጁ አልተገናኘም። የቲቪ ሲግናል ከ16 (ጥቁር) እስከ 235 (ነጭ) ነው፣ ካፕቸሩም መውጫውም "ሊሚትድ" ላይ ይሁኑ
- ድምፁ ቀስ እያለ ከምስሉ ይርቃል፦ አንዱ ቦታ 44.1 ሌላው 48 ኪሎኸርዝ ነው። ሁሉንም 48 አድርጉ፣ የዊንዶውሱንም ሴቲንግ ጭምር
- ስልክ ላይ ብቻ ተናጋሪው አይሰማም፦ ቁጥር 4 ላይ ያለው የፌዝ ችግር
- ማታ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ያስነሳል፦ የዊንዶውስ አፕዴት ነው። የአፕዴቱን ሰዓት እናንተ ወስኑት፣ ኦቢኤስም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱ ስትሪም እንዲጀምር አድርጉት
- መብራት ሲመለስ ስትሪሙ አይመለስም፦ ዩፒኤሱ ኢንኮደሩን ብቻ ነው የያዘው፣ ራውተሩና ስዊቹ ተረስተዋል